እናቴ መልሳ የፈታችው ስፌት

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው መሆኑን ገና አላመንኩም። ስለ ድሪቶ ነው። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ ስለሚሠራ የድሃ ብርድ ልብስ ማን ማንበብ ይፈልጋል? ሆኖም ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ወልቂጤ፣ በተማሪዎች ማደሪያችን ውስጥ፣ ከጉንችሬ የመጣችው የክፍሌ ልጅ የሱሪዋን እግር ልታስረዝም አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስፌቱን በምላጭ ትፈታ ጀመር። ክሩ ሲበጠስ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። የማነበውን ዘግቼ ወጣሁ። ስመለስ «ምነው፣ ምላጭ ትፈሪያለሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።  መልሱ ረጅም ነውና እዚህ ልጽፈው አሰብኩ። ካሰለቸሁ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ያደግኩት ቡታጅራ ነው። እናቴ ቤት ውስጥ ብርድ ልብስ ትሠራ ነበር። ሰው «ድሪቶ» ሲለው ትቆጣለች። «ድሪቶማ የተቀደደ ነገር ላይ የሚደረት ነው። የእኔ ከመጀመሪያው ተለክቶ የተሰፋ ነው» ትላለች። ጨርቁ የሚመጣው ከልብስ ሰፊዎች በረንዳ ነው። ከነሐሴ ጀምሮ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፋ ሰማያዊው፣ ቡናማው፣ ካኪው ከስፌት መኪናቸው ሥር ይከመራል፤ እኔም በጆንያ ሞልቼ አመጣለሁ። እናቴ በየቀለሙ ትለየዋለች፣ በከሰል ካውያ ትተኩሰዋለች፣ ከዚያ የካርቶን መለኪያዋን እያስቀመጠች አራት ማዕዘን አድርጋ ትቆርጠዋለች። ሁለት ሁለቱን፣ ቀጥሎም ረድፍ በረድፍ እንገጣጥመዋለን። መለኪያው ሁልጊዜ ሰፋ ብሎ ነው የሚቆረጠው። «ስፌት ይበላል፤ ድርሻውን አስቀድመሽ ካልሰጠሽው ከብርድ ልብሱ ላይ ይወስዳል» ትለኝ ነበር።

ከሁሉም የምወደው ለማስጨረስ የምናዘጋጅበትን ቀን ነበር። ገበር የሚሆነው አቡጀዲ ወለሉ ላይ ይዘረጋል፤ እንዳይጨማደድ ጥግ ጥጉ ላይ ድንጋይ ይቀመጥበታል። በላዩ ያረጀ ብርድ ልብስ ወይም የተባዘተ ጥጥ ይነጠፋል፤ ከዚያ የተገጣጠመው ጨርቅ ይደረባል። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ ከመሐል ተነስተን ወደ ጫፍ በረጃጅም ስፌት እናያይዛቸዋለን። ይህን «ሽልል» ትለዋለች። ከጫፍ የጀመረ ሰው መሐሉ ላይ ጨርቁ ያብጥበታል። በጉልበታችን እየተሳብን፣ ተጠባብሶ ወዘናው የወጣ ቆጮ በመሐል እየጎረስን እንሠራለን። ሽልሉ ሲያልቅ ተጠቅልሎ ወደ ልብስ ሰፊው ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ይሄዳል። ዙሪያውን በመኪና ዘምዝሞ የሚጨርሰው እሱ ነው። «የሴትየዋ ፋብሪካ ዛሬም ሥራ ላይ ነው ማለት ነው?» እያለ ያሾፍባታል፤ እሷም «ያንተ ወሬ እንደ መኪናህ ዘይት አያልቅም» ትለዋለች።

ወንድሜ ዘሪሁን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ ጥሩ ሳይሆንለት ሲቀር በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። የሰፈራችን ወጣቶች የሚሄዱበት መንገድ ነው፤ አንድ ደላላ ለሌላው እያስረከባቸው በመኪናም በእግርም ይጓዛሉ። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው በግንቦት ነበር። ድምፁ ይቆራረጣል።

«እማዬ፣ ቀን ሙቀት ነው። ጫካ ስናድር ግን ብርዱ አይጣል ነው።»

«ምን ለብሰህ ነው የምታድረው?»

«ያችኑ ጃኬት ነዋ። ነገ እንሻገራለን ብለውናል። ስገባ እደውላለሁ።»

ሰኔ ሳይደውል አለቀ። ዝናቡ ገባ፤ ከዘቢዳር ተራራ የሚወርደው ብርድም በግድግዳችን ስንጥቅ ይገባ ጀመር። እናቴ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ የማትችል ሴት ናት። አንድ ቀን የዘሪሁንን ሣጥን ከፍታ ልብሶቹን ወለሉ ላይ ደረደረች፤ ካኪ ሱሪዎቹን፣ ሹራቡን፣ ደግሞም በበዓል የሚለብሳትን ሰማያዊ ሸሚዝ።

«እማዬ፣ ሲመጣ ምን ሊለብስ ነው?» አልኳት መቀሱን ስታነሳ።

«ይሄ ይሆነዋል ብለሽ ነው? ውጭ ሀገር የከረመ ሰው ይወፍራል። የጎረቤታችንን ልጅ አላየሽውም? አንገቱ የት እንደገባ እንጃለት። ሲመጣ የሚሞቀው ነገር ይሻለዋል።»

ሳቅን። ግንቦት ካለፈ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የተሳቀው ያን ዕለት ብቻ ይመስለኛል። ከዚያም ሰማያዊውን ከካኪው እያፈራረቅን ገጣጠምን፤ እስከዚያ ከሠራነው ሁሉ ያማረ ነበር።

ሐምሌ ውስጥ በአንድ የገበያ ቀን ሽልሉን እየጨረስን ነበር። አባቴ በርበሬ ነጋዴ ነው። እንደ ወትሮው በማለዳ ወደ እንሴኖ ሄዶ፣ ገና እኩለ ቀን ሳይሆን ባዶ እጁን ተመለሰ። ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ ድንቅነሽ፣ አብራው መጣች። በሩ ላይ ቆማ ወለሉን አየች።

«ይሄ የዘሪሁን ሸሚዝ አይደለም?»

«ነው። ለእሱው ነው የሠራሁት» አለች እናቴ ተንበርክካ እንዳለች። «ነገ ጋሽ ሸምሱ ይዘመዝመዋል። ግቢ እንጂ እትዬ፣ ዝናብ ላይ ቆመሻል።»

«አንቺ ሴት፣ ጤናም የለሽ? መንገድ የወጣ ሰው ልብስ ይቆረጣል?»

«ምን አለበት?»

«ምን አለበት ትለኛለች። እኛ ዘንድ መንገደኛ እስኪመለስ ትቶት የሄደው ልብስ ቦታው እንኳ አይለወጥም። አንቺ በመቀስ ከተፍሽው።»

እናቴ አባቴን አየችው። አባቴ ግድግዳውን ያያል።

«ፍቺው» አለች አክስቴ። ድምጿ ድንገት ዝቅ አለ። «ፍቺውና እንደ ነበረው አድርጊው። ሌላውን ተይው። ሸሚዙን ብቻ።»

እናቴና አክስቴ ቃል ሲወራወሩ የኖሩ ናቸው፤ በሌላ ቀን ቢሆን መልስ አታጣላትም ነበር። ደግሞም እናቴ እንዲህ ያለውን ነገር የምታምን ሰው አልነበረችም። ነገር ግን ልጁ የጠፋበት ሰው የሚይዘው ሲያጣ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። በማግስቱ ምላጭ ገዝታ መጣች።

ሽልል ቶሎ ይፈታል፤ ጫፉን ከሳቡት ተያይዞ ይወጣል። የመገጣጠሚያው ስፌት ግን እንዳይፈታ ተብሎ ጠብቆ የተሰፋ ነው። ጨርቁን ሳንነካ ክሩን ብቻ መቁረጥ ነበረብን። መስኮቱ ሥር ተቀምጠን፣ እሷ ወጥራ ስትይዝ እኔ እቆርጣለሁ። እየፈታን ሰማያዊዎቹን ቁራጮች ነጠላዋ ላይ እንደ ሸሚዝ ታሰልፋቸዋለች፤ ይሄ ጀርባው፣ ይሄ የግራ እጅጌው። ኮሌታውና የቁልፉ መስመር ሳይቆረጥ ሣጥን ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ ያን ስታገኝ ሳመችው።

«ተይው አልማዝ» አላት አባቴ ከበር በኩል።

«አንተን ምን ቸገረህ? ልጄን ያስቀረሁት በመቀሴ ቢሆንስ?»

አባቴ ጃንጥላውን እንኳ ሳያነሳ ዝናቡ ውስጥ ወጣ። በእህቱ የተናደደ መስሎኝ ነበር።

ቁራጮቹን ይዘን ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ሄድን። ያን ቀን ስለ ፋብሪካ አላሾፈም። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሜትሩን አስቀመጠበት፤ አነሳና ደግሞ አስቀመጠበት።

«ወላሂ ይጠባል፣ የዘሪሁን እናት። ግራ ቀኙን ስፌት ወስዶታል፤ ከርክመሽ የጣልሽውም አለ። ከሌላ ጨርቅ ልጨምርበት?»

«ሌላ ጨርቅ አይግባበት።»

«ትከሻው አያልፍለትም እኮ።»

«ይጥበብ ጋሽ ሸምሱ። ሙሉ ይሁን ብቻ።»

ሰፋላት። ሸሚዙ በየቦታው የስፌት መስመር ያለበት፣ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ልክ የሚሆን ነገር ሆኖ ወጣ። እናቴ ተኩሳ ከበሩ ጀርባ ሰቀለችው። ከዚያ በኋላ ተረጋጋች። ምግብ መብላት ጀመረች፤ ሌሊት ስትገላበጥ መስማቴ ቀረ። «አሁን ይደውላል» ትል ነበር፤ ልክ ዕዳዋን ከፍላ ጨርሳ ቤቷ የገባች ሰው ትመስል ነበር።

መስቀል ደረሰ። አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶቻችን በየአውቶቡሱ ገቡ፤ በሬው ታረደ፤ ቤቱ በቅቤና በሚጥሚጣ ሽታ ታወደ። እናቴ የዘሪሁንን ክትፎ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ለብቻ አስቀመጠች። አክስቴ ሥራውን ሁሉ ከእጇ እየነጠቀች «አንቺ ብይ፤ መጀመሪያ ብይ» ትላታለች። የሐምሌውን ቁጣ ልትክስ መሰለኝ። ሽማግሌዎቹ «ለከርሞ ሳንጎድል ያድርሰን» ብለው ሲመርቁ ሁላችንም አሜን አልን። አባቴ ግን ከንፈሩን ብቻ ሲያንቀሳቅስ አየሁት።

እንግዶቹ ከተመለሱ በኋላ አንድ ማለዳ ግቢያችን በሰው ተሞላ። የእድሩ ዳኛ፣ ካህኑ፣ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከመካከላቸው የማላውቀው፣ ጉንጩ የጎደጎደ ወጣት አለ። የእንሴኖ ልጅ ነው፤ ከዘሪሁን ጋር በአንድ ጫካ አድሯል። ወንድሜ በመንገድ ታሞ፣ ድንበሩን ሳይሻገሩ እዚያው ሞቶ፣ እዚያው ቀብረውታል። ካህኑ ቃሉን ሳይጨርስ እናቴ መሬት ላይ ነበረች።

የቀረውን የሰማሁት በለቅሶው ሰሞን ነው። የእንሴኖው ልጅ ተይዞ ወደ ሀገር የተመለሰው በሐምሌ ነበር። በመጀመሪያ የሄደውም እዚያው እንሴኖ ወዳለችው አክስቴ ቤት ነው። አባቴ በዚያ የገበያ ቀን ሰምቷል። በእኛ ሀገር ግን ክረምት ገብቶ መስቀል ሲጠበቅ መርዶ አይነገርም። ዓመት ሙሉ የተበተነ ቤተሰብ የሚሰበሰብበት በዓል ስለሆነ ሽማግሌዎች ሐዘኑን ከበዓሉ ማዶ ያስተላልፉታል። እናትም በልታ በርትታ ትስማ ይላሉ። ሰፈሩ አውቆ ዝም አለ፤ ጋሽ ሸምሱም ሸሚዙን ሲለካ መርዶውን ሰምቶ ነበር። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ ደግሞ የሚለቀሰው የሟቹን ልብስና ፎቶግራፍ ይዞ ነው። አክስቴ ያን ቀን በራችን ላይ ቆማ ያየችው የተቆረጠ ሸሚዝ፣ ለለቅሶው የሚያስፈልገው ሸሚዝ ነበር። የመንገደኛ ልብስ አይነካም ያለችው እናቴን ምክንያቱን ሳትነግራት ልታስፈታት ነው። እናቴ ልጇን በሕይወት የምታቆይ መስሏት፣ የገዛ ልጇን የለቅሶ ልብስ አዘጋጀች።

ድንኳኑ ውስጥ ሸሚዙ ከፎቶው ጎን ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከአገና በኩል የመጡ፣ ወንድሜን የማያውቁ አንዲት ሴትዮ ዓይናቸውን እየጠረጉ አዩትና አጠገባቸው ያለችውን «ሕፃን ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

እናቴ ሰማች። «ሃያ ዓመቱ ነበር እማማ» አለቻቸው። «እኔ ነኝ ያሳነስኩት።»

በሠልስቱ፣ ሰው ቀለል ሲል፣ አክስቴን ጠራቻት።

«ቁጭ ብዬ ስፌት ስፈታ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ዝም ብለሽ አየሽኝ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ አልማዝ? ባዶ ወንበር ላይ ልታለቅሺ ነበር? ምኑን ታቅፈሽ ነበር?»

 «ለልብሱ አይደለም» አለች እናቴ። «ያን ሰሞን እኮ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ እትዬ። ልጄ አፈር ውስጥ እያለ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ። ይቅር የማልልሽ እሱን ነው።»



አሁን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ስለ ባህልና ስለ ማኅበረሰብ የሚያስተምሩን መምህራን መርዶን ማዘግየት ርኅራኄ እንደሆነ ሲያስረዱ በትጋት እጽፋለሁ። ሐሰት ነው አልልም። እነዚያ ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ አክስቴ በመስቀል ዕለት እናቴን ስታጎርሳት እንደዋለች ዛሬ ላይ ሆኜ አስታውሳለሁ። ግን እናቴ ያልጠየቀችውን ሰላም ሰጥተው፣ የእሷ የሆነውን ሐዘን ወሰዱባት። የትኛው እንደሚበልጥ መመዘን አልቻልኩም። ይህን የሚያነብ፣ ከእኔ የሚያስተውል ሰው ካለ እሱ ይመዝን። እኔ የማውቀው ቤታችን ውስጥ መጠበቅ በሁለት የተለያዩ ቀኖች እንደቆመ ነው። አባቴ ዘሪሁንን መጠበቅ ያቆመው በዚያ የሐምሌ ገበያ ነበር። እናቴና እኔ ግን እስከ መስከረም 23 ቀን ማለዳ ድረስ ጠበቅነው።