ሚዛን ላይ የገነባሁት ላይብረሪ

«መጽሐፎቹስ?» አሉኝ ጓድ በላቸው፣ የኮምፒውተሬን ስክሪን እያዩ...

ደርግ ሊወድቅ አካባቢ ነው። ሚዛን ተፈሪ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ያለችውን አንዲት ኮምፒውተር የምነካት እኔ ብቻ ነኝ። የቡና ምርት የሚመዘግብ ፕሮግራም ስጽፍ አንድ ላይብረሪ አስፈለገኝ... በኛ ሙያ ላይብረሪ ማለት ሌላ ፕሮግራም እየጠራ የሚጠቀምበት የተዘጋጀ ኮድ ነው። ከአዲስ አበባ በፍሎፒ ዲስክ የመጣልኝ ግን «ሲ» በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው ጥሬ ኮድ ነበር። ኮምፓይል አድርጎ፣ ማለትም ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ ለውጦ፣ ገጣጥሞ መጫኑ የኔ ዕዳ ሆነ... ይህን በሙያችን «ግንባታ» እንለዋለን።

ጄኔሬተሩ በቀን ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚነሳው። አንዱን ስህተት ሳርም ሌላው ብቅ ይላል... ጨረስኩ ስል መብራቱ ድርግም! ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የተሳካልኝ ቀን ብቻዬን ጨፈርኩ። ሪፖርቴ ላይም በኩራት «የላይብረሪው ግንባታ ተጠናቋል» ብዬ ጻፍኩ።

የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጓድ በላቸው ይህን አንብበው፣ ለበላይ አስተላልፈው፣ ለምረቃ እንግዳ ጠርተዋል ለካ!

«ጓድ፣ ይኼ እኮ የመጽሐፍ አይደለም... የኮምፒውተር ነው» አልኳቸው።

በሩ ድረስ ሄደው ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አዩ። ከዚያ በሩን ዘጉት።

«ከነገ ወዲያ ይመጣሉ። የሐሰት ሪፖርት አሻጥር ነው... አንተም አትተርፍ፣ እኔም አልተርፍ።»



ያዳኑን የንብረት ክፍሉ ጋሽ ጳውሎስ ናቸው። «ባዶ መጋዘን አለ፣ ጣውላ አለ... ምን ያስጨንቃችኋል?» አሉ። መደርደሪያ ቸነከርን። ታይፒስቷ አስካለ ቤት ለቤት እየዞረች መጽሐፍ ለመነች... የፖለቲካ ትምህርት፣ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ፣ የልብስ ስፌት መማሪያ፣ ከጎረቤታችን ከአማን ከተማ ደግሞ ስለ ወባ የሚያወራ አንድ መጽሐፍ... አሥራ አንድ ቅጂ!

እንግዶቹ መጡ፣ ሪባን ተቆረጠ። ትልቁ እንግዳ አንዱን የወባ መጽሐፍ መዘዙ። ቀጥሎ ያለውንም መዘዙ... ያው ነው። ሦስተኛውንም... ያው!

«ሰፊው ሕዝብ የሚያስፈልገው ይኼ ነው! ለሁሉም እንዲዳረስ አስባችኋል!» አሉ። ጭብጨባው ቀለጠ።

ጓድ በላቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ያንተኛውስ ይሠራል?» አሉኝ።

«ይሠራል ጓድ።»

«በል ለማንም እንዳትናገር።»

ሦስት ሳምንት ለለፋሁበት ላይብረሪ ያጨበጨበልኝ የለም... በሁለት ቀን ለቸነከርነው ግን የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ።