የጋሽ ገበየው ዳጣና የሆዱ ወታደሮች

ሶዶ ውስጥ ቆርቆሮና ሚስማር ፈልጎ ወደ ጋሽ ገበየው ሱቅ የገባ ሰው፣ ስለ ጥሬ ሥጋ ትምህርት ሳይቀበል አይወጣም። ትምህርቱ ነፃ ነው፤ ችግሩ አለማለቁ ነው። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሱቁን ከፈቱ፤ ልጃቸው ደግሞ እዚሁ ተወልዶ፣ ከወላይታ ልጆች ጋር አድጎ፣ በዳጣ ጉዳይ ከወላይታም በላይ ወላይታ ሆኖ አረፈው። ዳጣ ያው ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አንድ ላይ ተፈጭቶ ከጥሬ ሥጋ ጎን የሚቀርብ አቃጣይ ነገር ነው። ለሌላው ሰው ማባያ ነው፤ ለገበየው ግን መድኃኒትም ሃይማኖትም ነው።

"ከዳጣ ጋር የተበላ ሥጋ ኮሶ አያመጣም!" ይላል፣ ጣቱን ቀስሮ። "ትሉ ከጉሮሮ ሳያልፍ ተቃጥሎ ያልቃል።"

ማስረጃህ የታለ ለሚለው ተጠራጣሪም መልስ አለው፤ የቅርጫ ማኅበሩን ይጠራል። ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታና ለመስቀል በሬ ገዝተው የሚካፈሉ የሰፈር ወንዶች ስንት ዓመት ሙሉ የእሱን ዳጣ እያጠቀሱ ጥሬ በልተዋል። አንድም ሰው ኮሶ ታየብኝ ብሎ አያውቅም። እንዲህ ያለ ማስረጃ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ ይገኛል?

በዚህ ማኅበር ውስጥ ገበየው ትልቅ ሰው ነው። ወደ በዴሳ ከተማ ከብት ገበያ ወርዶ በሬውን የሚመርጠው እሱ ነው። በሬው ከታረደ በኋላም የመጀመሪያውን ቁራጭ ዳጣ ውስጥ ነክሮ የሚቀምሰው እሱ ነው። ያኝካል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሰው ሁሉ ምራቁን እየዋጠ ይጠብቃል። በመጨረሻ "ንጹሕ ነው!" ይላል። ከዚያ በፊት ቢላዋ የሚያነሣ ወንድ የለም። ሱቅህን አምጣ ቢሉት ምናልባት ይደራደር ይሆናል፤ ያቺን የመጀመሪያ ጉርሻ ግን በቁሙ አይሰጥም። ዳጣውን እጇ እስኪነድ የምትፈጨው ሚስቱ ሳህሊቱ ናት፤ እሱ ግን "ዳጣዬ" እያለ ይጠራዋል።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ሱሪው እየሰፋበት መጣ። እንደ ልቡ ይበላል፣ ግን ይከሳል። ሆዱም ያለ ምክንያት ያጉረመርማል። ልጁ ቤዛዊት ክሊኒክ ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ነገሩ አላማራትም።

"አባዬ፣ ሰገራህን እንመርምረው" አለችው።

"የእኔን? ልጄ በምትሠራበት ቤት የእኔ ሰገራ በብልቃጥ ሊዞር?" ብሎ ቱግ አለ። "ደም ከፈለግሽ ቅጂ! ደም መስጠት የወንድ ነው።"

ደሙ ተቀዳ። ኢኦሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሶች ከልክ በላይ በዝተው ተገኙ። ቤዛዊት ምሳ ላይ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ አድርጋ አስረዳችው።

"ሰው ሲወለድ አብረውት የሚወለዱ ዘበኞች አሉት፣ አባዬ። ማንም ሳያስተምራቸው ሰውነትን ይጠብቃሉ። ጥቃቅን ተሕዋስያን ቢመጡ አንዱ ዘበኛ ዋጥ ያደርጋቸዋል። ትል ግን ለመዋጥ ትልቅ ነው። ስለዚህ የአንጀታችን ግድግዳ ላይ ያሉ ጥቂት ሕዋሶች የትሉን ጠረን ሲያገኙ ኡኡ ይላሉ። ጩኸቱን የሰሙት ዘበኞች ደግሞ አንጀቱ ንፍጥ እንዲያመነጭ፣ ጡንቻውም እንዲገፋ ያደርጋሉ፤ ትሉን አንሸራትቶ ለማስወጣት። ኢኦሲኖፊሎቹንም ይጠራሉ። እነሱ ትሉን ከበው መርዛቸውን ይደፉበታል።"

"ወታደሮች ናቸው በይኛ!"

"ናቸው፣ ግን..."

"የእኔ ደግሞ ብዙ ናቸው?"

"ብዙ ናቸው። የበዙት ግን ምናልባት ጠላት ቤት ስለገባ ነው። የኮሶ ትል እንደሆነ ደግሞ አንጀት ላይ ተጣብቆ፣ ወታደሮቹን እያባበለ ዓመታት ይኖራል። እነሱ ብቻቸውን አይችሉትም፤ መድኃኒት መዋጥ አለብህ።"

ገበየው ከዚህ ሁሉ ትምህርት "ብዙ ናቸው" የምትለዋን ብቻ ይዞ ተነሣ። በማግስቱ ሱቁ ውስጥ ስብከቱ አዲስ ምዕራፍ ተጨመረበት። የእሱ ሠራዊት ከማንም ሠራዊት ይበልጣል፤ በላብራቶሪ ተረጋግጧል፤ ያበዛውም ዳጣ ነው፣ ምክንያቱም ሲያቃጥል ወታደሮቹን ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። ፖሊስ የፈሰሰበትን ሰፈር አይቶ "እንዴት ያለ ሰላም ነው!" ብሎ ቤት እንደሚከራይ ሰው ማለት ነው።

"እውነትህን ነው ጋሼ" አለ ጎረቤቱና የቅርጫ ጓደኛው ዳልጮ፣ ፊቱን ወደ ቆርቆሮው አዙሮ። ትከሻው ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ገበየው ጉንፋን መስሎት ዳጣ እንዲበላ መከረው።

ጊፋታ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ አንድ ጠዋት ሱቁ ውስጥ እንደተቀመጠ ሱሪው ውስጥ የሆነ ነገር ሲሄድ ተሰማው። ጓዳ ገብቶ አየ። ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የዱባ ፍሬ የምታህል ነገር ናት፤ ያውም ትንቀሳቀሳለች። ገበየው ሚስማር ካርቶን ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። ፈራ። ትሉን አይደለም የፈራው፤ ሰውን ነው። ይህች ነገር በበዓሉ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት ብቅ ብትልስ? የመጀመሪያዋ ጉርሻ ሄደች፣ "ንጹሕ ነው" ሄደች፣ ገበየውም አብሮ ሄደ ማለት ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይሉ የነበሩት ለካ ስለ ዳጣ ነው።

መድኃኒቱን ሶዶ እንዳይገዛ የሚያውቀው ሰው በዛ። ለቤዛዊት እንዳይነግራት ደግሞ ምላሱ አልታዘዝ አለው። ስለዚህ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ለሳህሊቱ "ጣውላ ልገዛ ነው" ብሎ፣ ሚኒባስ ተሳፍሮ ጉኑኖ ከተማ ወረደ። እዚያ ማን ያውቀዋል? አንዲት ትንሽ መድኃኒት ቤት አገኘ። ሌላ ገዢ እንደሌለ ሁለቴ አረጋግጦ ገባ። ሰርካለም የምትባል ፍልቅልቅ ወጣት ከባንኮኒው ኋላ ቆማለች።

"የኮሶ መድኃኒት ፈልጌ ነበር። ለዘመድ ነው። ገጠር ላለ ዘመድ" አላት፣ በመንገድ ያጠናውን ውሸት ሳያጎድል።

ሰርካለም ሳቀች። "እርስዎም ከጋሽ ገበየው ቅርጫ ነዎት እንዴ?"

ገበየው ኮፍያውን ይበልጥ ደፋ። "የቱ ገበየው?"

"ሶዶ ያሉት፣ ባለ ዳጣው ናቸዋ! አያውቋቸውም? ጥሬያቸውን በልተው ወራት አልፈው የገና በዓል ሲቃረብ ሰዎቹ አንድ በአንድ እዚህ ይመጣሉ። ሶዶ ቢገዙ ወሬው እሳቸው ጋ ይደርሳላ። ሁሉም 'ለዘመድ ነው' ነው የሚሉት። ጋሽ ዳልጮ የሚባሉት ብቻ አይዋሹም። ለራሳቸውም ይገዛሉ፣ ለባለ ዳጣው ሚስትም ይወስዱላቸዋል።"

"ለሚስቱም?"

"ለእትዬ ሳህሊቱ፣ አዎ። በየዓመቱ።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው። ያ ሁሉ ዓመት የተጠራቀመው ማስረጃ እዚህ ባንኮኒ ላይ ሲሸጥ ኖሯል። አንድም ሰው ኮሶ ያልታየበት ዳጣው ስለጠበቀው አይደለም፤ ክኒኑን ስለዋጠ ነው። ገበየው መጀመሪያ በዳልጮ ተናደደ። ቀጥሎ በሳህሊቱ ተናደደ፤ ዳጣውን እየፈጨች፣ እሱ ሲሰብክ "እሰይ" እያለች! ከዚያ ንዴቱ ከየት መጣ ሳይባል ለቀቀውና በቦታው እፍረት ገባ። እነዚያ ሁሉ ወንዶች አፋቸው ውስጥ ሳቃቸውን ይዘው የእሱን "ንጹሕ ነው" ሲጠብቁ የኖሩት ሥጋውን አምነው አልነበረም።

"ታዲያ ለምን አይነግሩትም?" አለ።

"ጋሽ ዳልጮን ጠይቄያቸው ነበር። 'ዳጣህ አይሠራም ካልነው ልቡ ይሰበራል፤ ደግ ሰው ነው' አሉኝ። ከሁሉም ክኒን ያልዋጡት ባለ ዳጣው ብቻ ናቸው አሉ። 'ያ ምስኪን ትሉን ይዞ አረጀ' ብለው ያዝኑላቸዋል።"

ገበየው ኮፍያውን አወለቀ። ሰርካለም የክኒኑን ካርቶን ከመደርደሪያው አውርዳ፣ "ለዘመድዎ ነው ያሉኝ አይደል? ሰውነታቸው እንዴት ነው፣ ክብደታቸውን ይንገሩኝ" አለችው።

"ዘመዴን ተይው" አላት። "የገበየውን ስጪኝ።"

"የጋሽ ገበየውን? ሊወስዱላቸው ነው? እሳቸው እኮ እሺ አይሉም አሉ!"

"እኔ ካልኩት እሺ ይላል" አለ ገበየው። "ውኃ አለሽ፣ ልጄ?"