ከጣውላው ጀርባ

ሚስቴ ቨርና ቤት መርማሪ ናት። እዚህ ኦሃዮ ሰው ቤት ከመግዛቱ በፊት እሷን ይጠራል። ጣሪያ ላይ ትወጣለች፣ ከወለል በታች በደረቷ ትሳባለች። ስትመለስ ልብሷን በረንዳ ላይ አስወልቄ ነው የማስገባት። የሞተ ድመትም የሰው ፍሳሽም አያስጠላትም። «ቆሻሻ ቢያንስ አይዋሽም» ትላለች።

በመጋቢት ታሊያና ኮርት የሚባሉ አዲስ ተጋቢዎች ጠሯት። ሻጩ አቶ ፔልሃም፣ ጨዋ ሽማግሌ፣ እየሳቁ ተቀበሏቸው። ቤቱ በኬክና በትኩስ ቀለም ሽታ ታፍኗል። ምድር ቤቱ ዙሪያውን አዲስ ጣውላ ለብሷል። ቨርና አንዱ ጥግ ላይ ጎንበስ ብላ አሸተተች።

«ከዚህ ኋላ ምንድን ነው ያለው?»

«ግድግዳ ነዋ!» አሉ ፔልሃም።

«አንዷን ጣውላ ላንሳት?»

«በገዛ ቤቴ? አይደረግም!»

ደላላው ዱዌይን ክንዷን ይዞ ወደ ደረጃው ወሰዳት። «ቨርናዬ፣ በማርያም... ልጆቹን አታስደንግጪብኝ።»

«እጄን ልቀቅ!» አለችውና ወደ ተጋቢዎቹ ዞረች። «የሰው ግድግዳ የማፍረስ ሥልጣን የለኝም። ያላየሁትን በስብሷል አልልም፤ ደህና ነውም አልልም። ግን እርጥበት ይሸተኛል። ሳይከፈት አትፈርሙ።»

«እርስዎ ቢሆኑ ይገዙታል?» አለች ታሊያ።

«እሱን እኔ አልመልስልሽም፣ የኔ ልጅ። የማየውን እነግራችኋለሁ፤ ውሳኔው የናንተ ነው።»

የወደደ ልብ መች ይሰማል! ዱዌይን «ሌላ ገዥ መጥቷል» እያለ አጣደፋቸው፤ ፈረሙ።

በሰኔ ኮርት በስልክ ጮኸባት። «ምን ዓይነት መርማሪ ነሽ? ሚስቴን ሳል ሊገድላት ነው!»

«ነግረሻቸዋል፤ አትሂጂ» አልኳት። ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

ኮርት ጣውላውን በመዶሻ ገነጠለው። ግማቱ እንደ ጥፊ መታን። ግድግዳው ጥቁር ሻጋታ ለብሷል። ከተሰነጠቀው የሽንት ቤት ቱቦ የሚወርደውን እንዲመጥ አሮጌ ፍራሽ ተጠቅጥቆበታል። ፍራሹ በትል ይርመሰመሳል። ኮርት አፉን ይዞ ሮጠ፤ እኔን እዚያው አስመለሰኝ።

ቨርና ግን ዓይኗ ከጣውላው ላይ ነበር። ምስማሮቹ በመስመር፣ ተለክተው ተመትተዋል።

«አየህልኝ ይሄን ሰውዬ?» አለችኝ። «ተንበርክኮ፣ አፍንጫውን ይዞ፣ አሳምሮ ዘጋው። ከዚያ ገብቶ ኬክ ጋገረ!»

ታሊያ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። «ነግረውን ነበር እኮ» አለች።

ቨርና አጠገቧ ተቀመጠችና ጀርባዋን አሻሸቻት።

ልጆቹ ሰውየውን ከሰሱት፤ ክርክሩ ገና አላለቀም። እስከዚያ ታሊያ እናቷ ቤት ናት። ዱዌይን ግን ጣውላው በተገነጠለበት ሳምንት ደወለ። «ቨርናዬ፣ ያለፈው አለፈ፤ አንድ የምታምር ቤት አለችልኝ።»

«ካንተ ጋር ከምሠራ ያንን ፍራሽ ብተኛበት ይሻለኛል» ብላ ዘጋችበት። ለእራት የሠራሁትን ሥጋ ግን አልነካችውም። እኔም አልበላሁም።