ከበሮ የገባበት ባዶ ቦታ

ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ የተነሳሁት በሰኔ ነው። የምሄድበትን ጉዳይ የነገርኩት ለልጄ ብቻ ነው። ዘንድሮ በየታክሲው የሚጮኸው ዘፈን የእኔና የአሻ ነው፤ በወጣትነታችን አሶሳ ውስጥ በአንድ የኪነት ቡድን ስንሠራ ያወጣነው። የቡድኑ መሪ የነበረው ሰው አሁን ለአንዲት ወጣት ሰጥቶ አዘፈናትና በሬዲዮ ቀርቦ «ዜማው የራሴ ነው» አለ። ያኔም «ያንቺ ዘፈን ሰው ያስተኛል» ብሎ ከቡድኑ ካሴት ያስወጣኝ እሱ ነው። የአሻን ምስክርነት በስልኬ ቀርጬ ለዚያው ሬዲዮ ልሰጥ ቆርጬ ተነሳሁ።

አሶሳ

ከአየር ማረፊያው የተሳፈርኩበት ባጃጅ ያንኑ ዘፈን ከፍቶ ጠበቀኝ።

«ቀንሰው» አልኩት።

«እማማ፣ ይሄ እኮ የዓመቱ ዘፈን ነው!»

«ለዚህ ነዋ ቀንሰው የምልህ።»

ቢሆንም ሰማሁት። እኛ ስንዘፍነው እህል ተሸክሞ እንደሚራመድ ሰው በእርጋታ ይሄድ ነበር። አሁን ፍጥነቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። እኔ ከ«ላ» ድምፅ እነሳ ነበር፤ ልጅቷ ከ«ዶ» ስለምትነሳ ድምጿ ቀጥኖ ላይ ይቀራል። ቅኝቱ ግን ያው ነው፤ ከአምስቱ ድምፆች አንዱም አልተነካም። በየአዝማቹ መጨረሻ አንድ ምት የሚያህል ባዶ ቦታ ነበረው። እዚያ ላይ የማሽን ከበሮ አስገብተውበታል።

ሆሞሻ

በማግስቱ ወደ ሸርቆሌ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሆሞሻ ወረድኩ። መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው። ማሽላው ገና መብቀሉ ነው። ባዶ እጄን ላለመግባት አንድ ፌስታል ማንጎ ገዛሁ።

አሻ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ዛሬም እንደ ድሮው ሰባራ ነው። በራፏ ላይ ሰሌን አንጥፋ ተቀምጣ አገኘኋት።

«አንቺ አለ እንዴ? እኔ ሞተ ብዬ!»

«ብሞትማ ሰውየው ድግስ ይደግስ ነበር።»

የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረበችልኝ። እየበላን ሐሳቤን ነገርኳት፤ የዋዛ መለከት ነፊዎች ተሰብስበው ዜማውን ይንፉልኝና ልቅረጽ አልኳት። ሳቀችብኝ።

«ዘር መሬት ውስጥ ነው፣ ዋዛ ይነፋል? ወላሂ፣ ከተማ አንቺን አበላሸ!»

ዋዛ ረጅም የቅል መለከት ነው። እያንዳንዱ ነፊ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚወጣው ሲቀባበሉ ነው። አዝመራ እስኪደርስ አይነካም። እዚህ አድጌ ይህን መርሳቴ አሳፈረኝ።

ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ አዲሱን ዘፈን ከስልኬ ከፈትኩላት። ዓይኗን ጨፍና በመዳፏ ጭኗን እየመታች አዳመጠች። ባዶው ቦታ ጋ ሲደርስ እጇ አየር ላይ ቆመ። ከበሮው ወረደ። አስደገመችኝ። እጇ እንደገና ቆመ፤ ከበሮው እንደገና ወረደ።

«ይሄ አባቴ ቦታ ነው» አለች።

ዘፈኑን ያወጣነው ዋዛ ነፊ የነበሩት አባቷ በሞቱበት ዓመት ነው። የመለከቶቹን ቅብብል ይዘን ስናዜም፣ የእሳቸው መለከት የሚገባበትን ቦታ አሻ ባዶ ተወችው። እኔም ተውኩት። መሪያችን ይህን ያውቃል፤ ለቅሶው ላይ ነበር።

«ለሬዲዮው ንገሪልኝ» አልኳት። «የእኔና ያንቺ መሆኑን።»

«የእኔ አይደለም። ያንቺም አይደለም። አባቴ ስም እናገራለሁ። ሌላ ስም የለም።»

«የዘፈንኩት እኮ እኔ ነኝ!»

«ዘፈነ፣ አዎ። ቆንጆ ዘፈነ። የሞተ ግን እሱ ነው።»

ተቆጣሁ። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ልነሳ ነበር። እሷ ግን መቅረጼንም አለመቅረጼንም ሳታይ የአባቷን ስም ጠርታ መናገር ጀመረች። ስልኩን መልሼ አወጣሁት። ተናግራ ስትጨርስ ዘፈነች፤ በድሮው እርጋታ፣ ከድሮው ዝቅ ባለ ድምፅ። ባዶው ቦታ ጋ ስትደርስ ዝም አለች። እዚያ ላይ የተቀረጸው የጎረቤት ዶሮ ድምፅ ብቻ ነው።

ቤት

ልጄ ቀረጻውን ሰማችና «እማዬ፣ ስምሽ የታለ? መጀመሪያው ላይ አንቺ ተናግረሽ ጨምሪበት እንጂ» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ሳስብበት ዋልኩ። የሄድኩት የተወሰደብኝን ላስመልስ ነበር። ከእኔ የባሰ የተወሰደባቸው ሰው መኖራቸውን ከቤቴ ስወጣ አልቆጠርኩትም። ቀረጻውን እንዳለ ወስጄ ለሬዲዮው ሰጠሁ።

በሬዲዮ ሲተላለፍ ስሜ አልተነሳም። ሰውየው ግን በማን ቦታ ላይ ከበሮ እንዳስገባ አገር ሰማ። ይቅር አላልኩትም። ዝግጅቱ ሳያልቅ ደውሎ ነበር፤ አላነሳሁለትም።