ባለቤት የሌለው ግስ

የሕንጻው ነዋሪ ሁሉ «እትዬ ነጠላ ሰረዝ» ይላታል። ዕድሜዋን ሙሉ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበረች፤ ጡረታ ብትወጣም እጇ አላረፈም። ሊፍቱ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ታርማለች፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ታርማለች፤ ባሏ የሚልክላትን የፍቅር መልእክት ሳይቀር አርማ ትመልስለታለች። እሱም «ፍቅሩስ ደረሰሽ ወይ?» ይላታል። ደርሷል እንጂ፣ ተሰምሮበት!

አንድ ድካም ግን ነበረባት። ፊደል የማይስት ሰው የሚዋሽ አይመስላትም።

ታዲያ አንድ ቀን ስለ አይሁድ ጥላቻ የሚተርክ ገጽ ስልኳ ላይ አገኘች። እንዴት ያለ ጽሑፍ መሰላችሁ! አንዲት ነጥብ ያልተዛነፈችበት፣ ዓረፍተ ነገሩ እንደ ውኃ ኩልል የሚል። ጥላቻው ተጋኗል፣ ጥፋቱም የራሳቸው የአይሁዶቹ ነው ይላል፤ ደግሞ በትሕትና! እሷም ትሕትናውን አየች እንጂ ነገሩን አላየችም። «እንዲህ ነው መጻፍ!» ብላ ለነዋሪዎቹ የስልክ ቡድን ላከችው።

ከነዋሪዎቹ አንዱ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። አይሁዳዊ ነው፤ ከላይኛው ፎቅ ይኖራል። የእሷን ማድቤት ቧንቧ በጠገነ ቁጥር ሁለቱ ሲነታረኩ ደረጃው ሁሉ ይሰማል። ሲጽፍ እንኳ ፊደሉን በመፍቻ የሚያስር ነው የሚመስለው። መልእክቱን አርማ ስትመልስለት «እትዬ፣ ውኃው ግን ያለ ስህተት ቆሟል» ይላታል።

በማግስቱ ደረጃ ላይ ተገናኙ።

«እንዴት አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለና ወረደ። ቀልድ የለ፣ ነገር የለ።

«ሰውየው ምን ሆኖ ነው?» አለች ባሏን።

«ያን የላክሽውን አንብበሽዋል?»

«ደጋግሜ! አንድ ስህተት የለውም።»

«እሱማ አርመሽዋል። አንብበሽዋል ወይ ነው ያልኩሽ።»

መነጽሯን አድርጋ እንደ አዲስ ተቀመጠች። ማተሚያ ቤት እያለች የተወሳሰበ ዓረፍተ ነገር ሲገጥማት ለእያንዳንዱ ግስ ባለቤቱን ትጠይቅ ነበር።

«‹ይባላል› ይላል። ባዩ ማን ነው? ‹እንደሚታወቀው› ይላል። ዐዋቂው ማን ነው? ‹ተረጋግጧል›! ኧረ ማን አረጋገጠው? ሰውዬ፣ እዚህ ላይ አንድም ግስ ባለቤት የለውም!»

«ባለቤትስ እኔ አለሁልሽ።»

«አንተ ደግሞ ዝም በል!»

ማስረጃ የተባሉትን ገጾች እየከፈተች ተከተለቻቸው። አንዱ ወደ ሌላው ይመራል፤ ሌላውም ዞሮ ዞሮ እዚያው መነሻው ገጽ ላይ ይጥላታል። ከሳሹም፣ ምስክሩም፣ ዳኛውም አንድ! የጸሐፊው ስም ደግሞ የትም የለም። እየደጋገመ ባለቤት የሚሆን አንድ ቃል ብቻ አገኘች፦ «እነሱ»። ሕፃኑም ሽማግሌውም፣ ደጉም ክፉውም በአንድ «እነሱ» ታስረዋል። ወዳጇም እዚያ እስር ውስጥ አለ። ላኪዋ ደግሞ እሷ ናት።

ስልኳን አንስታ ለቡድኑ «በተላከው ጽሑፍ ላይ ስህተት ተፈጥሯል» ብላ ጻፈች። አየችው። ማን ፈጠረው? ፊቷ ቀላ። ደመሰሰችና እንዲህ አለች፦ «ያን ጽሑፍ የላክሁት እኔ ነኝ። ሳልመረምር አወደስሁት። ማስረጃ የሌለው ስም ማጥፋት ነው። ጎረቤቴን አስቀይሜያለሁ፤ ይቅርታ።»

መልስ አልጠበቀችም፤ ደረጃውን ወጥታ በሩን አንኳኳች። ስልኩን እንደያዘ ከፈተላት።

«እትዬ፣ እንዲህ ያለውን ገጽ ድሮም አውቀዋለሁ። እኔን ያመመኝ ‹እንዲህ ነው መጻፍ› ያልሽው ነው።»

«አውቃለሁ» አለች።

ትንሽ አያትና «ግቢ» አላት።

ስለዚሁ ጥላቻ የሚጽፍ፣ እሱ የሚያምነውን ገጽ አሳያት። ጸሐፊዋ ስሟን ጽፋለች፤ ማን መቼ ምን እንዳለ ከነምንጩ አስቀምጣለች። እትዬ ራሷን እየነቀነቀች አነበበች፣ አነበበችና ጣቷ አንድ ቁጥር ላይ ቆመ።

«ይሄንንስ ማን ቆጠረው? ምንጩ የለም።»

«ኧረ እትዬ! ይሄ እኮ ለእኛ የቆመ ነው!»

«ታዲያ ለወዳጅ ሲሆን ሚዛን ይሰበራል?»

ሰውዬው ሳይወድ በግዱ ሳቁ አመለጠው። ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋና «በይ እንግዲህ፣ ከላይ ጀምሪው» አላት።