ስለ ማስኩ የዋሸኋቸው ሴት

ጅዳ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ዐረብኛዬ ደህና ስለሆነ ነርሶቹ ለሐበሻ በሽተኞች ያስተረጉሙኝ ነበር። "ነይ፣ ይህን ንገሪልን" ሲሉኝ መወልወያዬን አስደግፌ ኮራ ብዬ እሄዳለሁ።

የቲቢ በሽተኞች ከሚተኙበት ክፍል አንዲት የወሎ ሴት ገቡ። እናቴን ያህላሉ። መካ ውስጥ አንዲት አሮጊት ሲያስታምሙ ብዙ ዓመት ኖረዋል። ለራጅ ሲወጡ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው፣ ሰው በሞላበት ኮሪደር እየሳሉ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ሕንዳዊቷ ዋና ነርስ ጠራችኝ።

"ማስኩ በሽታው ሌላ ሰው እንዳይዝ ነው በያቸው። መድኃኒቱ ሲሠራ ይተዉታል። ለምን እንደሚያወልቁትም ጠይቂልኝ።"

እኔ ግን በሽታው እንዳይዘኝ ፈርቼ ነበር። ክፍላቸውን የምወለውለው እኔ ነኝ፤ አገር ቤት ልጅ አለኝ። በሩ ላይ ቆሜ፣ "እናቴ፣ ይህን ካላጠለቁ ለተርሂል ፖሊስ እንሰጥዎታለን፣ ወደ አገር ያሳፍሩዎታል እያሉ ነው" አልኳቸው።

 ማስኩን እስከ ዓይናቸው ሥር ሳቡት።

ነርሷ ደስ ብሏት፣ "ምን ብለሽ አሳመንሻቸው?" ስትለኝ ሳቅሁ። ሌሎች ሁለት ሐበሻ ሴቶች ዘንድም ላከችኝ። ለእነሱም ያንኑ ደገምኩላቸው።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ጠዋት ልወለውል ስገባ ሴትዮዋ አባያቸውን ለብሰው፣ ዕቃቸውን በፌስታል ቋጥረው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ብቻቸውን ናቸው፤ ማስኩ ግን ፊታቸው ላይ ነው፣ በትንፋሽ ረጥቧል።

"ወዴት ነው እናቴ?"

"መካ፣ እህቴ ዘንድ። ሳይወስዱኝ ልሰናበታት። ትናንት ምሳ ልበላ አውልቄው ነርሷ አየችኝ፤ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?"

 ነርሷ እንዲያ እንዳላለች፣ ከራሴ እንደፈጠርኩት ነገርኳቸው። ያለችውንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው።



"ታዲያ ይኸንኑ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አሉኝ። "ሲያፍነኝ ጊዜ ነበር ዝቅ የማደርገው። ሰው እንደሚይዝ መች አወቅሁ? ወላሂ፣ እኔ ሰው ላስታምም እንጂ ሰው ላሳምም አልመጣሁም።"

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ሄጄ ለነርሷ ተናገርኩ። አልጮኸችብኝም። የማያፍን ማስክ ፈልጋ ሰጠቻቸው፤ ብቻቸውን ሲሆኑ እንዲያወልቁት ነገረቻቸው። ይህን ሁሉ ያስተረጎመችው በስልክ፣ በሌላ ሴት ነው። ለእኔ፣ "ኻላስ፣ በቃ፣ አንቺ ጽዳትሽን ሥሪ" ብቻ አለችኝ።

ወደ ሁለቱ ሴቶች ሮጥኩ። ለአንዷ እውነቱን ነገርኳት፤ ሌላዋ ግን አልጋዋ ላይ የለችም። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አልነበራትም፤ ተርሂል የሚለውን ሰምታ ትናንት ማታ ወጥታ ጠፍታለች። መድኃኒቷ ኮሞዲኖው ላይ ቀርቷል። ጉለይል ሰፈር ትኖር ነበር ሲሉኝ በዕረፍቴ ቀን ሄጄ በየፎቁ ጠየቅሁ። የሚያውቃት አላገኘሁም።

የወሎዋ ሴት ድነው ሲወጡ መርቀውኛል። አሜን ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ።