መዝጋት የሚችል፣ መክፈት ያልቻለ እጅ

ሰፈሩ አባ መቀስ ይለዋል። ዕድሜውን በሙሉ ጨርቅ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። እሱ በረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ሚስቱ በስፌት መኪናዋ፤ እሱ ካልቆረጠ እሷ የምትሰፋው የለም።

አንድ ቀን ዩኒፎርም ሲቆርጥ አርፍዶ፣ ከምሳ በኋላ ቀኝ ክንዱን በወንበሩ የእንጨት መደገፊያ ላይ እንዳንጠለጠለ እንቅልፍ ጣለው። ሲነቃ እጁ ከአንጓው ታጥፎ እንደ ረጠበ ጨርቅ ወርዷል። ቀና በል ቢለው እምቢ። መቀሱን አንዴ ቀጭ ያደርጋል፤ መልሶ መክፈት ግን የለም።

ይኼኔ ሰፈርተኛው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ብርድ ነው አለ፣ ሌላው የሰው ዓይን። ሐኪም ቤት ሂድ ያለ ግን አንድም ሰው አልተገኘም። ከሁሉ የባሰው የሚስቱ ወንድም ነበር፤ የጎማ ኳስ ይዞ መጣ።

«ጡንቻህ ሰንፎ ነው ጋሼ። ጭመቃት።»

ጨመቃት። የሚዘጋው ጡንቻ ድሮም ደህና ነበር! ጤነኛውን ሲያበረታ፣ በሽተኛውን ረስቶት ከረመ። አለማወቅ አያሳፍርም፤ ሳያውቁ ማዘዝ ግን ሊያሳፍር ይገባል።

በመጨረሻ ሚስቱ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወንበር ላይ እንዴት እንደተኛ ሰምታ፣ የላይኛ ክንዱን ከውጭ በኩል በጣቷ ዳበሰችው።

«አባቴ፣ ጡንቻው አልሞተም፤ ትእዛዝ ነው ያልደረሰው። ነርቩ እዚህ ጋ አጥንቱን ተጠምጥሞ ያልፋል። አንጓንና ጣቶችን ቀና የሚያደርጉትን ጡንቻዎች የሚያዘው እሱ ነው። ወንበሩ ተጭኖት ነው።»

«መቀስ እይዛለሁ ወይ? እሱን ንገሪኝ።»

«ነርቩ የተቆረጠ አይመስልም፤ ተስፋው ብዙ ነው። ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል።»

አንጓውን ቀና አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ አሰረችለት። የመጨበጥ አቅሙ ወዲያው በረታ፤ ለካ አንጓ ሲወድቅ ጭብጥም ይላላል። ጣቶቹ ግን አሁንም አንዘረጋም አሉ። ሚስቱ ቤት እንደገቡ በመቀሱ እጀታዎች መሃል፣ ተጭነው ሲለቁት የሚዘረጋ ትንሽ የሽቦ ሞላ አሰረች። እሱ ይዘጋል፣ ሞላው ይከፍታል።

«መቀሱ ከኔ ጎበዝ ሆነ» አለ።

«ቢያንስ እሱ በቀን አይተኛም።»

እንዲህ እየተሳሳቁ፣ ቀስ እያሉም ቢሆን መቁረጥ ቀጠሉ። ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ሚስቱ እየሰፋች፣ እሱ ድጋፉን ፈትቶ እጁን ሲታጠብ የሚስቱ ወንድም ከች አለ።

«ጋሼ፣ ለጠረጴዛው ገዢ አግኝቼለሁ። በዚህ እጅህ ከእንግዲህ ምን ያደርግልሃል?»

«ሂድ ወዲያ» አለው አባ መቀስ፣ እንደ ዝንብ በቀኝ እጁ እያባረረው።

እጁ ከአንጓው ቀና አለች። ጥቂት ነው፤ ግን ቀና አለች። ሦስቱም አዩ። የስፌት መኪናዋ ቆመ።

«አንተ፣ ከዚያ ንቅንቅ እንዳትል» አለች ሚስቱ ወንድሟን። ወደ ባሏ ዞረች። «በል እስቲ፣ እንደገና አባርረው።»